ዐሥሩንም ጣት የጠየቁት ሐኪም፤ ሄንሪ ፎልድስ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የሚገኘው ሐይቅ በትምህርት ስሙ የገነነ ሥፍራ ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ጉባኤ ዘርግተው ሲያስተምሩ፣ ከየሀገሩ የሚሰበሰበው ደቀ መዝሙር ማንነቱ የሚታወቀው በስሙ፣ በትውልድ ሀገሩና በሚያውቁት ሰዎች ምስክርነት ነበር። ዛሬ ከዚያው ከሐይቅ ከተማም ሆነ ከአምባሰል የገጠር ቀበሌ ወጥቶ ለፋይዳ የሚመዘገብ ሰው ዐሥር ጣቶቹን መስታወት ላይ ያሳርፋል፤ ዐይኖቹን ለመሣሪያው ያቀናል፤ ፊቱንም ፎቶ ይነሣል። የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ የዚህ አሠራር መሠረት ሕግ ሆኗል። ስለ ሰው የሚመሰክረው የገዛ አካሉ ነው።

ይህን ቴክኖሎጂ ባዮሜትሪክ ይሉታል። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴና የኮምቦልቻ ግቢዎች ጀምሮ በየተቋሙ ኮምፒውተር ወይም ምሕንድስና የሚያጠና ወጣት በትምህርቱ ሂደት ቃሉን መስማቱ አይቀርም። ጣት እንዴት ወደ ቁጥር እንደሚለወጥ፣ ቁጥሩም ከሌላ ቁጥር ጋር እንዴት እንደሚመሳከር ይማራል። የጣት አሻራ ሰውን ይለያል የሚለው ሐሳብ ግን ኮምፒውተር ከመፈጠሩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቀድሞ፣ በአንድ ሐኪምና በተማሪዎቻቸው ጣቶች ላይ በምላጭ ተፈትኗል። ቦታው የጃፓን ዋና ከተማ ቶኪዮ ነበር፤ ሐኪሙም ስኮትላንዳዊው ሄንሪ ፎልድስ ነበሩ። በዚህ ጽሑፍ የውጭ ሀገር ታሪኮች ዘመን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይቀመጣል።

ፎልድስ ሰኔ 1 ቀን 1843 በምዕራብ ስኮትላንድ ቢዝ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። የቤተሰቡ ኑሮ በመጓደሉ በ13 ዓመታቸው ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ግላስጎው ሄዱ፤ በጸሐፊነት ተቀጥረውም ቤታቸውን ይረዱ ጀመር። ወረቀት መደርደርና መዝገብ መለየት የዕለት ሥራቸው ነበር። በኋላ የጣት መስመሮችን በዓይነት በዓይነታቸው ለመመደብ ያሳዩትን ትዕግሥት ሲያስቡት የዚያ ዘመን ልምድ ብዙ የሰጣቸው ይመስላል። በ21 ዓመታቸው ወደ ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሒሳብ፣ ሎጂክና የጥንት ሥነ ጽሑፍ አጠኑ። ቀጥለውም በአንደርሰን ኮሌጅ ሕክምና ተምረው የሐኪምነት ፈቃድ አገኙ።

በ1871 የቤተ ክርስቲያን የሕክምና መልእክተኛ ሆነው ወደ ሕንድ ተጓዙ፤ በዳርጂሊንግም ለድሆች በተቋቋመ ሆስፒታል ሁለት ዓመት ያህል ሠሩ። በ1873 ኢዛቤላ ዊልሰንን አግብተው በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ጃፓን አቀኑ። ጃፓን በሯን ለውጭው ዓለም ከከፈተች ገና ሃያ ዓመቷ ነበር። መንግሥቷ የምዕራቡን ዕውቀት ለመቅሰም የሚጣደፍበት ዘመን በመሆኑ አንድ ሐኪም በሽተኛ ከማከም ያለፈ ብዙ ሥራ ይጠብቀው ነበር።

ፎልድስ በቶኪዮ ጹኪጂ በተባለው የውጭ ዜጎች ሠፈር ሆስፒታል አቋቋሙ፤ ከሆስፒታሉም ጋር ለጃፓናውያን የሕክምና ተማሪዎች ትምህርት ጀመሩ። ቁስልን ከጀርም የመጠበቅን አዲስ ዘዴ ለጃፓን የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ካስተዋወቁት አንዱ ናቸው። ዐይነ ስውራንን ለማስተማር የተቋቋመውን ማኅበር በመመሥረት ተካፍለዋል፤ በጣት እየተዳሰሰ የሚነበብ ጽሑፍም አንዱ የሥራቸው መስክ ነበር። ቋንቋውን አቀላጥፈው ተናገሩ። በ1882 ሆስፒታላቸው በዓመት ወደ 15 ሺህ የሚደርሱ ሕሙማንን ያስተናግድ እንደነበር ይነገራል። እንዲህ ያለ የሥራ ጫና ያለበት ሰው ሌላ ምርምር የሚጀምርበት ትርፍ ጊዜ ከየት እንዳገኘ ያስገርማል።

ምርምሩን ያመጣው የሸክላ ስብርባሪ ነው። አሜሪካዊው የሥነ እንስሳት ተመራማሪ ኤድዋርድ ሞርስ በ1877 ከቶኪዮ አቅራቢያ ኦሞሪ በተባለ ቦታ የጥንት ሰዎች የተዉትን የቀንድ አውጣና የዛጎል ክምር ቆፍሮ ማጥናት ጀምሮ ነበር። የፎልድስ ወዳጅ ስለነበር ግኝቶቹን አሳያቸው። ከዛጎሉ መሐል በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ያስቆጠሩ የሸክላ ስብርባሪዎች ወጡ። ፎልድስም ጭቃው ሳይደርቅ የሠሪው ጣት ያሳረፈባቸውን ስስ መስመሮች ልብ ብለው ተመለከቱ። በሀገራችን የጀበናን ጆሮ ወይም የእንስራን አንገት ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ይህን ምልክት ያውቀዋል፤ ጭቃው የተለቀለቀበት ቦታ ሁሉ የባለ እጇን ጣት ይዞ ይደርቃል። የሚታይ ነገር ነው፤ ጥያቄ አድርጎ የሚያነሣው ሰው ግን ጥቂት ነው። ለጊዜው ማስታወሻ ይሆነን ዘንድ፣ ኦሞሪ በሚቆፈርበት በዚያው ወራት ግድም፣ በ1870 ዓ.ም፣ ከሐይቅ ብዙም በማይርቀው ቦሩ ሜዳ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ታላቁን ጉባኤ ሰብስበው ነበር።

ፎልድስ ከሸክላው ወደ ሕያው ጣት ተሻገሩ። የራሳቸውን፣ የወዳጆቻቸውን፣ የተማሪዎቻቸውንና የሕሙማኑን ጣቶች በማተሚያ ቀለም እየቀቡ ወረቀት ላይ አተሙ። ቅስት የሚመስለውን፣ እንደ ቀለበት የታጠፈውንና እንደ አዙሪት የሚሽከረከረውን ለይተው መደቡ። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ሆኖ አላገኙም። ነገር ግን አለማግኘት ብቻውን ማረጋገጫ እንዳልሆነ ተረድተዋል። የመምህርነታቸው ጥንካሬ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። አሻራ ሰውን የሚለይ ከሆነ መለየቱ ዕድሜ ልክ መዝለቅ አለበት፤ በበሽታ፣ በሥራ፣ በዕድሜ የሚለወጥ ምልክት ለማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ጥያቄውን ለተማሪዎቻቸው ሰጡ፤ መልሱንም ከነርሱ ጋር በገዛ ጣታቸው ላይ ፈለጉ።

መምህሩና ተማሪዎቹ የጣታቸውን ቆዳ መስመሩ እስኪጠፋ ድረስ በምላጭ ላጩት። ቆዳው ዳግም ሲያድግ መስመሩ እንደ ቀድሞው ተመለሰ። እንደገና ሞከሩ፤ አንዴ በሸካራ ድንጋይ፣ አንዴ በአሸዋ ወረቀት፣ አንዴም በአሲድና ቆዳን በሚያቃጥሉ ሌሎች ነገሮች አጠፉት። ሁልጊዜ ያው መስመር፣ በያው ቦታ፣ በያው ጥምዝ ተመለሰ። የሚያድጉ ሕፃናትን አሻራ በየጊዜው እያተሙ አመሳከሩ፤ ጣቱ ሲሰፋ ሥዕሉም አብሮ ሰፋ እንጂ ቅርጹ አልተለወጠም። ቆዳን የሚያልጥ ትኩሳት ከተማውን በመታ ጊዜም የዳኑትን ሰዎች ጣት መረመሩ። ምክንያቱ ዛሬ በሚገባ ይታወቃል፤ የመስመሮቹ ንድፍ የሚመነጨው ከላይኛው ቆዳ በታች ከሚገኘው ድርብርብ ሲሆን፣ ጽንሱ በማሕፀን ሳለ ተሠርቶ ያልቃል። የላዩ ቢፋቅ የታቹ መልሶ ያወጣዋል። ጥልቅ ጠባሳ ካልደረሰ በስተቀር ሥዕሉ አይጠፋም።

ይህ የ1870ዎቹ ሙከራ ለአምባሰል ገበሬና ለሐይቅ ዓሣ አስጋሪ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። ድንጋይ ሲፈልጥ፣ ሲያርስ፣ ገመድ ሲስብ የኖረ እጅ መስመሩ ይሳሳል፤ ጭቃ ስትለውስ የምትውል ሸክላ ሠሪ ጣቷ ይለሰልሳል። መሣሪያው ላይ ሲያሳርፉት ደጋግሞ አላነብም ሊል ይችላል። ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሕዝብ በተመዘገበበት የሕንድ አድሃር መታወቂያ የጉልበት ሠራተኞችና አረጋውያን ጣታቸው አልነበብ ብሎ ሲቸገሩ ታይቷል። ፎልድስና ተማሪዎቻቸው ያገኙት መልስ እነዚህን ሰዎች ይመለከታል፤ የተፋቀው መስመር ዕረፍት ካገኘ ይመለሳል፤ ሰውየው ማንነቱን አላጣም፤ ያጣው መሣሪያው ነው። ከጣት ጋር ዐይንና ፊት አብረው የሚመዘገቡበት አንዱ ምክንያትም በአንዱ ያልተነበበ ሰው በሌላው እንዲታወቅ ነው። የመመዝገቢያውን ፕሮግራም የሚጽፍ ተማሪ ይህን ካላወቀ ጥፋቱን በባለ ጣቱ ላይ ሊያላክክ ይችላል።

ሙከራው ከመማሪያ ክፍል የወጣው በሌብነት ነው። በጹኪጂ አንድ ሰው ለሕክምና የተቀመጠ ንጹሕ አልኮል ተደብቆ ሲጠጣ ኖሮ በመጠጫው ዕቃ ላይ ቅባት የነካ ጣቱ አርፎ ተገኘ። ፎልድስ የዚያን ሰው አሻራ አስቀድመው አትመውት ስለነበር ጠጪው ታወቀ። ሁለተኛው ጉዳይ ከበድ ያለ ነበር። ሌባ ነጭ ግድግዳ ዘሎ ሲገባ ጥላሸት በነካው እጁ ምልክት ጥሎ ሄደ፤ ተጠርጣሪም ተያዘ። ሐኪሙ የግድግዳውን ምልክት ከተያዘው ሰው ጣት ጋር ሲያመሳክሩት የተለያየ ሆኖ አገኙት፤ ማስረጃውም ለሰውየው ነፃ መውጣት ረዳ። የጣት አሻራ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ወንጀለኛን መያዙን ነው። በፎልድስ እጅ ግን ከመጀመሪያዎቹ አገልግሎቶቹ አንዱ ያልሠራን ሰው ማዳን ነበር። ይህ በኋለኛው ሕይወታቸው ከያዙት አቋም ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሊዘነጋ አይገባም።

በየካቲት 1880 ለቻርለስ ዳርዊን ደብዳቤ ጻፉ። ዳርዊን በዕድሜና በሕመም ምክንያት ሊረዷቸው እንደማይችሉ ገልጸው ጉዳዩን ለዘመዳቸው ለፍራንሲስ ጋልተን አስተላለፉት። ፎልድስ ግን መልስ እስኪመጣ አልተቀመጡም። ጥቅምት 28 ቀን 1880 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ስለ እጅ ቆዳ መስመሮች የጻፉት ወጣ። አሻራን በማተሚያ ቀለም መውሰድ እንደሚቻል፣ በወንጀል ሥፍራ የተገኘ አሻራም ሠሪውን ለመለየት እንደሚያገለግል ለዓለም ያሳወቀ ጽሑፍ ነበር። በወሩ በዚያው መጽሔት ሌላ ደብዳቤ ታተመ። በሕንድ የእንግሊዝ ሹም የነበሩት ዊሊያም ኸርሼል ከ1858 ጀምሮ በውልና በጡረታ ወረቀቶች ላይ የሰዎችን እጅና ጣት ሲያሳትሙ መኖራቸውን አስታወቁ።

በዚህ ጊዜ የተጀመረው የቀዳሚነት ክርክር ፎልድስን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልለቀቃቸውም። ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ኸርሼል አሻራን በሥራ ላይ በማዋል ይቀድማሉ፤ ፎልድስ ደግሞ በይፋ በማሳተም፣ በሙከራ በመፈተንና ለወንጀል ምርመራ በማሰብ። ፍርዱን ያዛባው ጋልተን ናቸው። የፎልድስን ሐሳብ ከዳርዊን እጅ ተቀብለው ሳለ፣ በ1888 ባቀረቡት ንግግርና በ1892 ባሳተሙት መጽሐፍ ክብሩን ለኸርሼል ሰጥተው ፎልድስን ወደ ዳር ገፉ። ጋልተን ባለጸጋና በሊቃውንት ማኅበራት የተከበሩ ነበሩ፤ ፎልድስ ከሩቅ ሀገር የተመለሱ የድሆች ሐኪም። የዕውቀት ታሪክ እንዲህ ዓይነቱን ሚዛን ብዙ ጊዜ አይቷል።

ፎልድስ በ1886 ወደ ብሪታንያ ተመለሱ። ለለንደኑ ፖሊስ፣ ለስኮትላንድ ያርድ፣ የአሻራ መዝገብ ቤት እንዲከፈት ሐሳብ አቀረቡ፤ አሠራሩን ራሳቸው ሊያሳዩም ፈቃደኛ ነበሩ። ሐሳባቸው ተቀባይነት አላገኘም። በዚያን ጊዜ ፖሊሶች የሚያደንቁት ፈረንሳዊው አልፎንስ ቤርቲዮን የዘረጉትን፣ የእስረኛን ራስ፣ ክንድና እግር በመለኪያ እየለኩ የመመዝገብ ዘዴ ነበር። በሌላ አቅጣጫ ግን አሻራው እየተጓዘ ነበር። በአርጀንቲና ኽዋን ቩቼቲች በ1892 በአሻራ የግድያ ወንጀል አስለዩ። በካልካታ ሁለት ሕንዳውያን ባለሙያዎች፣ አዚዙል ሐቅና ሄም ቻንድራ ቦስ፣ በእንግሊዛዊው አለቃቸው በኤድዋርድ ሄንሪ ስም የሚጠራውን የአሻራ አመዳደብ ሠሩ። ስኮትላንድ ያርድ ክፍሉን በ1901 ሲከፍት ሥራውን የመሩት ሄንሪ ናቸው። ፎልድስ በፌንተን ከተማ የፖሊስ ሐኪም ሆነው ቁስል ይጠግኑ ነበር።

በ1905 ወደ ጉዳዩ የተመለሱት ብዙዎች ባልጠበቁት ወገን ቆመው ነው። በለንደን ደትፎርድ ሠፈር አንድ ባለ ሱቅና ሚስቱ ተደብድበው ተገደሉ። በገንዘብ ሣጥኑ ላይ የአንድ አውራ ጣት አሻራ ተገኘ፤ ከአልፍሬድ ስትራተን ጣት ጋርም ይገጥማል ተባለ። ፎልድስ ለተከሳሾቹ ጠበቃ ወገን ቆሙ። አንዳንዶች ይህን የቂም ሥራ አድርገው ተርጉመውታል፤ ቂም ጨርሶ አልነበረበትም ለማለትም ያስቸግራል። መከራከሪያቸው ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ የያዙት ነበር። አንድ የተድበሰበሰ አሻራ ለሞት ፍርድ አይበቃም፤ የሰው ማንነት በእርግጠኝነት የሚታወቀው ዐሥሩም ጣቶች ሲመሳከሩ ነው፤ አንድን ጣት ብቻ ይዞ ይገጥማል የሚለው ባለሙያ ሊሳሳት ይችላል የሚል ነበር። ችሎቱ ምስክርነታቸውን አልሰማም። ስትራተንና ወንድሙ ተፈርዶባቸው በዚያው ዓመት በግንቦት ተሰቀሉ።

ስለ ስትራተን ወንድሞች ዳኞቹ ተሳስተዋል የሚያሰኝ ነገር የለም፤ ሌላም ማስረጃ ነበረ። የፎልድስ ሥጋት ግን ሞኝነት አልነበረም። መጋቢት 2004 በማድሪድ ባቡሮች ላይ ቦምብ ፈንድቶ ብዙ ሕዝብ ባለቀ ጊዜ፣ በፕላስቲክ ከረጢት ላይ የተገኘ አንድ አሻራ በአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ በሚሊዮኖች መዝገብ ውስጥ ተፈለገ። የቢሮው ባለሙያዎች አሻራው የአንድ የኦሬገን ጠበቃ ነው ብለው በእርግጠኝነት ተናገሩ፤ ሰውየው ታሰረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የስፔን ፖሊስ አሻራው የሌላ ሰው መሆኑን አሳወቀ። መንግሥትም ይቅርታ ጠይቆ 2 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ከፈለ።

ይህ እንዴት እንደሚሆን በባዮሜትሪክ ትምህርት የሚታወቅ ነው። ኮምፒውተሩ መስመሮቹ የሚቆሙበትንና የሚከፈሉበትን ነጥብ ይመዘግባል፤ ሁለት ጣቶች ሲቀርቡለትም የተመሳሳይነታቸውን ልክ በቁጥር ይሰጣል። ይህ ሰው እርሱ ነው የሚባለው ቁጥሩ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ነው፤ ልኩን የሚወስነው ሰው ነው። ዝቅ ካደረገው የሌላ ሰው ጣት ያልፋል፤ ከፍ ካደረገው ባለቤቱ ይመለሳል። አንድን ሰው ከራሱ መዝገብ ጋር ማመሳከር ቀላል ነው። አንድን ጣት ከሚሊዮኖች መካከል መፈለግ ግን ሌላ ነገር ነው፤ መዝገቡ በሰፋ ቁጥር የሚመሳሰል እንግዳ የመገኘቱ ዕድል ይጨምራል። ብሔራዊ መታወቂያ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ ሲፈትሽ ዐሥሩን ጣት ከዐይንና ከፊት ጋር አድርጎ የሚጠቀመው በዚህ ምክንያት ነው። ፎልድስ ዐሥሩንም ሲጠይቁ ኮምፒውተር አልነበረም፤ ሒሳቡን ግን ያውቁት ነበር።

የሀገራችን ሕግም በጣት ብቻ አለመርካትን ያውቃል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728 መፈረም ለማይችል ሰው በፊርማው ምትክ የጣት ምልክት ይፈቅዳል። ነገር ግን ዐይነ ስውር ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው የፈረመው ውል ዳኛ፣ መዝጋቢ ወይም ውል አዋዋይ ካላረጋገጠው አያስገድደውም። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ጣቱ የእርሱ መሆኑ ሰውየው የተጻፈውን ለማወቁና ለመስማማቱ ማስረጃ አይሆንም። በቀለም የተነከረ አውራ ጣቱን ወረቀት ላይ አሳርፎ መሬቱን ያጣ ሰው ታሪክ በየገጠሩ የሚሰማ ነው።

ፎልድስ በ1905 መምሪያ መጽሐፍ፣ በ1912 ደግሞ ዳክቲሎግራፊ የተባለውን ሥራቸውን አሳተሙ። በነዚህ ዓመታት የጻፏቸው ብዙ ገጾች በክርክርና በቅሬታ የተሞሉ ናቸው፤ አንባቢን ያደክማሉ፤ ለባለቤታቸውም አልጠቀሙም። የሚገርመው የፍትሕ ቃል የመጣው ከተቀናቃኛቸው መሆኑ ነው። ኸርሼል በ1917 ኔቸር ላይ በጻፉት ደብዳቤ አሻራን ለወንጀል ምርመራ የማዋሉን ሐሳብ ፎልድስ በራሳቸው ምርመራ እንደደረሱበት መሰከሩ። ጋልተን ከስድስት ዓመት በፊት ሞተው ነበር።

ሄንሪ ፎልድስ መጋቢት 24 ቀን 1930 በ86 ዓመታቸው በዎልስታንተን ዐረፉ። መቃብራቸው ለብዙ ዘመን ተመልካች አጥቶ ቆየ፤ በ1987 ሁለት አሜሪካውያን የአሻራ ባለሙያዎች አፈላልገው አሳደሱት። በቶኪዮ ጹኪጂ፣ ከተማሪዎቻቸው ጋር ጣታቸውን በምላጭ በላጩበት ሠፈር፣ ከ1874 እስከ 1886 በዚያ መኖራቸውን የሚገልጽ ድንጋይ ቆሟል።